የራስበሪ ፓይ ኪት ከተማሪዎች ጋር፦ ቦርዱም ካርዱም ሳይበላሽ እንዴት እናስጀምር?

የሰባተኛ_ክፍል_አይሲቲ

ሰላም ለሁላችሁ። 12 የራስበሪ ፓይ 4 (አንድ ትንሽ ቦርድ ላይ ያለ ኮምፒውተር) ኪት አለን። 24 ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይሠሩበታል። ክፍለ ጊዜው 45 ደቂቃ ነው፤ ልጆቹ ባዶ ቦርድ ነክተው አያውቁም። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ቦርድ፣ የፕላስቲክ ኬዝ፣ 32 ጊጋባይት ማይክሮ ኤስዲ ካርድ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ የማይክሮ ኤችዲኤምአይ ገመድ፣ ኪቦርድ፣ ማውዝ፣ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ጃምፐር (ማገናኛ) ሽቦ፣ ጥቂት ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) እና ሬዚስተር (የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚገድብ) አለ።

መጀመሪያ ምን ይሰካ፣ መጨረሻስ? ተማሪው ራሱ ይገጣጥም ወይስ ተገጣጥሞ ይጠብቀው? ካርዶቹ እንዳይበላሹ ምን ይደረግ? ክፍሉ ውስጥ ያሉት የግድግዳ ሶኬቶች ደግሞ ስድስት ብቻ ናቸው። ይበቃሉ?

---

ቴስተር_በኪሴ

ከመጨረሻው ልጀምር። አንድ ፓይ 4 ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት በ3 አምፔር ነው፤ ስለዚህ ቢበዛ 15 ዋት ያዙለት። 12ቱ 180 ዋት ይሆናሉ። ስክሪኖቹን በ30 ዋት ብታስቡ 360 ይጨመራል። ድምሩ 540 ዋት፣ በ220 ቮልት ሁለት አምፔር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ለስድስት ሶኬት ይቅርና ለአንድ ደህና ሶኬትም ብዙ አይደለም።

ችግር የሚመጣው ከጭነቱ ሳይሆን ከአዘረጋጉ ነው። ሶኬቱ ላልቶ ሲያበራ ሲያጠፋ፣ ዲቫይደር ሌላ ዲቫይደር ላይ ሲቀጠል፣ ገመዱ ልጆች በሚያልፉበት ወለል ላይ ሲጋደም። አንድ ልጅ ገመድ ሲጠልፍ የሚወድቀው ስክሪን ነው፤ አብሮት የሚነቀለው ደግሞ እየጻፈ ያለ ካርድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዲቫይደር በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፣ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳው ይጠጉ፣ ገመዱ ከጠረጴዛው እግር ጋር ይታሰር። መሻገር የግድ ከሆነ ሙሉ ርዝመቱ በሰፊ ፕላስተር ወለሉ ላይ ይለጠፍ፤ ጫፍና ጫፉን ብቻ መለጠፍ ጭራሽ ወጥመድ መሥራት ነው።

ሁለተኛ፣ ኪቱ ውስጥ ያለውን ፓወር ሰፕላይ በስልክ ቻርጀር አትተኩ። የስልክ ቻርጀር ላይ 3 አምፔር ተጽፎ ቢገኝ እንኳ ገመዱ ቀጭን ከሆነ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል። ፓይ የሚገባው ቮልቴጅ ከ4.63 በታች ሲወርድ ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ወይም «ዝቅተኛ ቮልቴጅ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ብዙ ሰው ምልክቱን አይቶ ዝም ይላል፣ ምክንያቱም ቦርዱ መሥራቱን አያቆምም። ግን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ዩኤስቢ ላይ የተሰካው ነገር ይቆራረጣል፣ ካርድ ላይ የሚጻፈውም ሊበላሽ ይችላል። «ካርዱ ቶሎ ቶሎ ይበላሻል» የሚባለው አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ፓወር ሰፕላዩና ገመዱ ነው።

---

ሮቦት_ክበብ

እግረ መንገድ፦ የላፕቶፕ ዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር፣ ለምሳሌ 65 ዋቱ፣ ፓይ 4ን ያቃጥላል ወይ? ልጆቹ የቤታቸውን ይዘው ይመጣሉ።

---

ቴስተር_በኪሴ

ትክክለኛ ዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር ከሆነ አያቃጥልም። እንዲህ ያለው ቻርጀር መሣሪያው ካልጠየቀው ከ5 ቮልት በላይ አይሰጥም፤ ፓይ 4 ደግሞ አይጠይቅም። ሊያጋጥም የሚችለው ጨርሶ አለመነሳት ነው። የመጀመሪያው እትም ፓይ 4 ዩኤስቢ-ሲ አፉ ላይ ሁለት መሆን የነበረባቸው ሬዚስተሮች አንድ ላይ ተደርበው ስለተሠሩ፣ ውስጡ ቺፕ ያለው የላፕቶፕ ገመድ ሲሰካበት ቻርጀሩ የጆሮ ማዳመጫ መስሎት ኃይል አይሰጠውም። ኋላ በመጡት እትሞች ተስተካክሏል።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፤ 12 ወይም 19 ቮልት የሚያወጣ ክብ ጫፍ ያለው አዳፕተር ጫፉ ላይ የዩኤስቢ-ሲ መቀየሪያ ተደርጎበት ሲሰካ። እሱ ማንንም ሳይጠይቅ ያለውን ቮልቴጅ ይለቃል፤ ቦርዱ ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ «የራስህን ቻርጀር አታምጣ» የሚለው ሕግ ያለ ማብራሪያ ይጽና።

ፓይ 5 ያላችሁ ደግሞ፣ እሱ የሚፈልገው 5 ቮልት በ5 አምፔር ነው። በ3 አምፔር ይነሳል፣ ነገር ግን ለዩኤስቢ መሣሪያዎች በሙሉ የሚለቀውን ወደ 600 ሚሊአምፔር ይወስነዋል። ኪቦርድና ማውዝ ይበቃቸዋል፤ ውጫዊ ዲስክ ላይበቃው ይችላል።

---

ፊዚክስ_ላብ

ስለ ደኅንነት ስናወራ ሁለት ነገር እንለይ፤ የልጁ ደኅንነትና የቦርዱ ደኅንነት። 5 ቮልት ልጅ አይነዝርም። ልጁን የሚያሰጋው የግድግዳው ሶኬት፣ የተላጠ ገመድ፣ የጋለ ቺፕ፣ ተቆርጦ የሚፈናጠር የኤልኢዲ እግር (ስትቆርጡ እግሩን በጣት ያዙት፣ ካለም መነጽር አድርጉ) እና የሊቲየም ባትሪ ነው። ባትሪውን ከክፍል ውጭ አድርጉት፤ ለጀማሪ ትምህርት አያስፈልግም።

ቦርዱን የሚያሰጋው ግን የልጁ እጅ ነው። ቦርዱ ላይ ካሉት 40 ፒኖች (ሽቦ የሚሰካባቸው የብረት እሾሆች) በፕሮግራም የሚታዘዙት የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ነው። እዚያው አጠገባቸው፣ ፒን 2 እና ፒን 4 ላይ፣ 5 ቮልት ተቀምጧል። ፒን 1 ደግሞ 3.3 ቮልት ሲሆን ከፒን 2 ጋር ጎን ለጎን ነው። የሽቦ ጫፍ ወይም የጠመንጃ መፍቻ ሁለቱን ካገናኘ 5 ቮልቱ ወደ 3.3 መስመሩ ይገባና ኃይል የሚያከፋፍለውን ቺፕ ይገድለዋል። ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም፤ ቦርዱ ዳግም አይነሳም፣ በቃ።

ስለዚህ አንድ ሕግ ብቻ ብታስተምሩ ይህን አስተምሩ፦ ቦርዱ በርቶ ሳለ ሽቦ አይነካም፣ አይነቀል፣ አይቀየር። ይጠፋል፣ ሽቦው ይገጠማል፣ ሁለተኛ ሰው ያየዋል፣ ከዚያ ይበራል።

---

ካርድ_ቆጣሪ

ይህን ሕግ በቃል ብቻ የሚያከብር ክፍል የለም። የሚሠራው ዘዴ ፓወር ሰፕላዮቹን በሙሉ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጥንዱ ገጣጥሞ ሲጨርስ እጅ ያወጣል፤ መምህሩ ሄዶ አራት ነገር ያያል።

ካርዱ እስከ መጨረሻው ገብቷል? (የብረት ነጥቦቹ ወደ ቦርዱ ፊታቸውን ማዞር አለባቸው።) የስክሪን ገመዱ ከሁለቱ አፎች ለኃይል መግቢያው የቀረበው ላይ ነው? ቦርዱ ሥር ወይም ላይ ብረት ነገር አለ? ፒኖቹ ላይ ያልተፈተሸ ሽቦ አለ?

አራቱ ካለፉ ፓወር ሰፕላዩን ይሰጣል። ካልሆነ እርማቱን ነግሮ ያልፋል። 12 ጥንድ በዚህ መንገድ ለማለፍ ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይበቃል፣ ወረፋ የሚጠብቁት የፒን ሥዕሉን እያጠኑ ይቆያሉ።

የመሰካቱ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ቦርዱ ኬዙ ውስጥ፣ ካርድ፣ ስክሪን (ስክሪኑ አስቀድሞ ይብራ)፣ ኪቦርድና ማውዝ፣ መጨረሻ ኃይል። ካርድ ከኬዝ በኋላ የሚገባው በምክንያት ነው። ካርዱ ከቦርዱ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ስለሚል፣ ካርድ ያለበት ቦርድ ኬዝ ውስጥ ሲገፋ ወይም ከኬዝ ሲወጣ ካርዱ ከወገቡ ይሰበራል። ስታፈርሱም በመጀመሪያ ካርዱን አውጡ።

የማይክሮ ኤችዲኤምአይ አፉ ደካማ ነው። ገመዱን ከነስክሪኑ ክብደት ሲጎትቱት ይላላል፤ አንዴ ሰክታችሁ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ብትተዉት፣ የምትነቅሉት በስክሪኑ በኩል ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

---

የሰባተኛ_ክፍል_አይሲቲ

የፓወር ሰፕላዩን ነገር ወድጄዋለሁ። ግን ስለ ስታቲክ (ሰውነት ላይ ስለሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) አልተነሳም። የእጅ ማሰሪያ ልግዛላቸው?

---

ፊዚክስ_ላብ

ለዚህ ሥራ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ቦርዱን በጠርዙ ይያዙ፣ ከመንካታቸው በፊት መሬት ያለው ብረት ይንኩ፣ ወለሉ ምንጣፍ ከሆነ ወይም አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ቦርዱ ከኬዝ አይውጣ። ማሰሪያ ከገዛችሁም ውስጡ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ያለው ይሁን፤ ባዶ ሽቦ እጅ ላይ ታስሮ ከመሬት ጋር ከተያያዘ ልጁ የግድግዳ መብራት ቢነካ የከፋ ይሆናል።

---

ቴስተር_በኪሴ

በዚህ አልስማማም፣ ቢያንስ ለመምህሩ አንድ ትኑረው፤ ካርድ ሲቀይርና ሂትሲንክ (የቺፑን ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) ሲለጥፍ ይጠቀምባታል። ለልጆቹ ግን ልክ ነህ።

ከማሰሪያው ይልቅ የሚበዛ ስህተት አለ። ቦርዱ የመጣበትን ያንን የሚያብረቀርቅ ከረጢት «ስታቲክ ይከላከላል» ብለው ከሥሩ አንጥፈው ቦርዱን ያበሩታል። ብርማ የሆነው ከረጢት ላዩ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ለማስቀመጫ እንጂ ለመሥሪያ አይሆንም። የላፕቶፕ ክዳን፣ የብረት ጠረጴዛ፣ አሉሚኒየም ፎይልም እንዲሁ። ካርቶን ወይም እንጨት ይበቃል።

---

አርባኛው_ፒን

ስለ መጀመሪያው ኤልኢዲ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ መመሪያ ጂፒአይኦ 17ን ይመርጣል፣ ለክፍል ግን ጥሩ ምርጫ አይደለም።

ፒኖቹ ሁለት ዓይነት ቁጥር አላቸው። አንዱ የቦታ ቁጥር ነው፣ ከ1 እስከ 40። ሌላው ፕሮግራሙ የሚጠራበት የጂፒአይኦ ቁጥር ነው። ጂፒአይኦ 17 የሚገኘው ቦታ 11 ላይ ነው። ልጁ «17» ሲባል ቆጥሮ ቦታ 17 ላይ ይሰካል። ቦታ 17 ደግሞ ሁልጊዜ 3.3 ቮልት ነው። ኤልኢዲው ይበራል፣ ልጁ ይደሰታል፣ ፕሮግራሙ «አጥፋ» ሲል ግን አይጠፋም፤ ከዚያ ግማሹ ክፍለ ጊዜ ኮድ ውስጥ ስህተት ፍለጋ ያልቃል። ከዚህ የባሰው ጂፒአይኦ 2 ወይም 4 የተባለ እንደሆነ ነው። ቦታ 2 እና 4 የ5 ቮልት ፒኖች ናቸው!

ጂፒአይኦ 21ን ተጠቀሙ። ቦታው 40 ነው፤ በዩኤስቢ አፎቹ በኩል መጨረሻ ጥግ ላይ ያለው። አጠገቡ ያለው ቦታ 39 ደግሞ ግራውንድ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ፣ 0 ቮልት) ነው። መቁጠር አያስፈልግም፣ «የመጨረሻዎቹ ሁለቱ» ማለት ይበቃል። ከ5 ቮልቱ በቦርዱ ላይ ሊርቅ የሚችለውን ያህል ርቋል። ልጁ በስህተት ቦታ 21 ላይ ቢሰካው እንኳ ተራ ፒን ስለሆነ ኤልኢዲው አይበራም እንጂ ምንም አይጎዳም።

ገጠማው፦ ከቦታ 40 ወደ 330 ኦም ሬዚስተር፣ ከሬዚስተሩ ወደ ኤልኢዲው ረጅም እግር፣ ከአጭሩ እግር ወደ ቦታ 39። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ የቀረው 1.3 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ሲወድቅ የሚያልፈው 4 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። በደንብ ይታያል። አንድ ፒን ከ16 ሚሊአምፔር በላይ መጠየቅ የለበትም፣ ሁሉም ፒኖች ተደምረው ደግሞ ከ50 እንዳያልፉ ጠብቁ። ሰማያዊና ነጭ ኤልኢዲ ወደ 3 ቮልት ስለሚፈልጉ በ3.3 ደብዘዝ ይላሉ፤ ለመጀመሪያ ቀን ቀይ ብቻ አከፋፍሉ።

---

ሮቦት_ክበብ

የ5 ቮልት ፒኖቹን ጨርሶ መሸፈን ይቻላል። የሴት (ቀዳዳ ያለው) ጃምፐር ጫፍን ቆርጦ ፕላስቲኩን ብቻ (ብረቱን አውጥቶ) ፒን 2 እና 4 ላይ ማልበስ። ከሩቅም ይታያል፤ በቀይ ካደረጋችሁት ልጁ ሳይጠይቅ አይነካውም።

---

የሰባተኛ_ክፍል_አይሲቲ

ከኤልኢዲ ቀጥሎ የመጫኛ ቁልፍና የርቀት መለኪያ ሴንሰር (ሁለት ዓይን ያለው፣ ኤችሲ-ኤስአር04) ልናደርግ አስበናል። ጥንቃቄው ምንድነው?

---

አርባኛው_ፒን

ቁልፉ በፒኑና በግራውንድ መካከል ይግባ እንጂ ከ5 ቮልት ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። ፓይ ውስጡ ፒኑን ወደ 3.3 የሚስብ ሬዚስተር ስላለው ውጫዊ አያስፈልግም፤ ጂፒአይኦ ዜሮ የተባለው የፓይተን ላይብረሪም ቁልፍን የሚጠብቀው በዚሁ መንገድ ነው። ከፒኑ ጋር በተከታታይ 1 ኪሎኦም ጨምሩ። ልጁ በስህተት ያንን ፒን «መውጫ» አድርጎ 3.3 ቮልት እያወጣ ቁልፉን ቢጫነው በቀጥታ ወደ ግራውንድ ሾርት ይሆናል፤ ሬዚስተሩ ካለ ግን 3 ሚሊአምፔር ብቻ ያልፋል።

ሴንሰሩ ተንኮለኛ ነው። በ5 ቮልት ይሠራል፣ ኤኮ የሚባለው እግሩም 5 ቮልት ይመልሳል። በቀጥታ ከተሰካ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ እዚያ ላይ ነው ሰው የሚታለለው፤ ፒኑ ዛሬ ሠርቶ በሚቀጥለው ሳምንት ሊሞት ይችላል። ከኤኮ 1 ኪሎኦም፣ ከዚያ ሁለት 1 ኪሎኦም በተከታታይ ወደ ግራውንድ። ከመጀመሪያው ሬዚስተርና ከሁለቱ መገናኛ ላይ የሚወጣው ሽቦ ነው ወደ ፓይ የሚሄደው። 5 ቮልቱ ለሦስት እኩል ይካፈልና ሁለት ሦስተኛው፣ 3.3 ገደማ፣ ፓይ ጋ ይደርሳል። ሦስት አንድ ዓይነት ሬዚስተር ስለሆነ ልጆች ቀለም ለይተው አያምታቱም። በ3.3 ቮልት የሚሠራው የሴንሰሩ ዓይነት ከተገኘ ይህ ሁሉ ይቀራል።

---

ካርድ_ቆጣሪ

ወደ ካርዱ እንምጣ፣ ምክንያቱም በተግባር ክፍለ ጊዜ የሚበላው የተቃጠለ ቦርድ ሳይሆን የማይነሳ ካርድ ነው።

አንድ ካርድ በራስበሪ ፓይ ኢሜጀር (ሥርዓተ ክወናውን ካርድ ላይ በሚጽፈው ፕሮግራም) አዘጋጁ። ከመጻፉ በፊት በሚመጣው ቅንብር የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ የዋይፋይ ስምና አገር አስገቡ። አገር ካልተመረጠ የዋይፋዩ ሬዲዮ ተቆልፎ ይቀራል፣ ሰው ግን የይለፍ ቃል የተሳሳተ ይመስለዋል። ከ2022 ወዲህ «ፓይ» የሚባለው ነባሪ ተጠቃሚ ስለሌለ በድሮ መመሪያ ለመግባት አትሞክሩ።

ካርዱን አስነሱት፣ ማሻሻያውን ጨርሱ፣ የምትፈልጉትን ጫኑ፣ በሥርዓት አጥፉት፣ ከዚያ ምስሉን ወደ ኮምፒውተር ገልብጣችሁ በሌሎቹ ላይ ጻፉ። እዚህ ጋ ሦስት ወጥመድ አለ። አንድ፣ 32 ጊጋባይት የተባሉ ካርዶች እኩል አይደሉም፤ ከትልቁ የተወሰደ ምስል በጥቂት ሜጋባይት ምክንያት ትንሹ ላይ አይገባም። ፓይሽሪንክ በሚባለው ስክሪፕት አሳንሱት። ሁለት፣ 12ቱም አንድ ስም ይዘው ኔትወርክ ላይ ይወጣሉ፤ በየካርዱ ስሙን ከ«ፓይ01» እስከ «ፓይ12» ቀይሩ፣ ያው ቁጥር ካርዱ ላይ፣ ቦርዱ ላይና ሳጥኑ ላይ ይጻፍ። ሦስት፣ የኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) ቁልፎቹም ተገልብጠዋል፤ ከርቀት የምትገቡ ከሆነ በየካርዱ አጥፍታችሁ አዲስ አመንጩ።

ለ12 ቦርድ ሦስት ትርፍ ካርድ ተጽፎ ይቀመጥ። ካርድ ሲበላሽ ክፍል ውስጥ አትጠግኑ፤ ቀይራችሁ ቀጥሉ፣ የተበላሸውን ከትምህርት በኋላ እንደገና ጻፉት። አዲስ ካርድ ስትገዙ መጠኑን ኤፍ3 በሚባለው ፕሮግራም ፈትሹ፤ 32 ተብሎ 8 የሚሆን ካርድ አለ፣ እስኪሞላ ድረስም አይታወቅም።

ካርዱ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ «ይህን ዲስክ ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርግ» የሚል መልእክት ይወጣል። ካርዱ አልተበላሸም፤ ዊንዶውስ የሊነክሱን ክፍል ማንበብ ስለማይችል ነው። ልጁ «እሺ» ካለው ግን በእርግጥ ይጠፋል። ስለዚህ ካርድ ከቦርድ የሚያወጣው መምህሩ ብቻ ይሁን።

አጠፋፉ፦ ከሜኑ ሻትዳውን፣ አረንጓዴው መብራት መብለጭለጩን እስኪያቆም መጠበቅ፣ ከዚያ መንቀል። ፓይ 4 ላይ ቀዩ መብራት ኃይል እስካለ ድረስ አይጠፋም፤ «ገና አልጠፋም» ብለው የሚጠብቁ ልጆች አሉ፣ ቀዩን አይተው «እንዳለ ነው» ብለው የሚነቅሉም አሉ። የሚታየው አረንጓዴው ነው። ደወል ከመደወሉ አምስት ደቂቃ በፊት ማጥፋት ይጀመር። በችኮላ ዲቫይደሩን በማብሪያ ማጥፊያው የሚያጠፋ መምህር 12 ካርድ በአንዴ ለአደጋ ያጋልጣል።

---

ዝምተኛ_ፋን

ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተሙን ለምን አታበሩም? በራስፒ-ኮንፊግ (የፓይ ቅንብር ማስተካከያ) ውስጥ አለ። ካርዱ ላይ ምንም አይጻፍም፣ ሁሉም ጊዜያዊ ሆኖ ራም ላይ ይቆያል። መብራት ቢሄድም ካርዱ እንዳለ ነው።

---

ካርድ_ቆጣሪ

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ጥሩ ነው። ግን የልጁ ሥራም አብሮ ይጠፋል። ማስቀመጫውን ዩኤስቢ ፍላሽ ሳታደርጉ ካበራችሁት በሁለተኛው ሳምንት «ሥራዬ የት ሄደ» ይመጣል። ለአንድ ቀን ዐውደ ርዕይ ይሁን፤ ለተከታታይ ትምህርት ፍላሽ ለየጥንዱ ካለ ብቻ።

---

ዝምተኛ_ፋን

እሱስ ልክ ነው። ስለ ሙቀት ላክልበት፦ ፓይ 4 ቺፑ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። አይቃጠልም፣ ግን ይጎተታል። ዝግ የፕላስቲክ ኬዝ ያለ ሂትሲንክ ከሆነ ቪዲዮ ሲከፍቱ ይደርሳል። ሂትሲንኩንም ፋኑንም ከትምህርቱ በፊት መምህሩ ይግጠም። የፋኑ ቀይ ሽቦ 5 ቮልት ፒን ላይ ነው የሚገባው፣ ያ ደግሞ ልጆች እንዳይነኩት ያልነው ቦታ ነው። የብረት ኬዝ ካላችሁ ዋይፋዩ ሊደክም እንደሚችል አስቡ።

---

ፊዚክስ_ላብ

«ራሳቸው ይገጣጥሙ ወይስ» ለሚለው፦ ራሳቸው ይገጣጥሙ፣ ግን በሁለት ቀን ከፍላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ሳጥን መክፈት፣ ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር፣ ያለ ምንም ሽቦ ማስነሳት፣ ማጥፋት፣ መልሶ ማሸግ። ብሬድቦርዱና ሽቦው ያን ቀን ከሳጥኑ አይውጣ፤ ባይኖር ጭራሽ ይሻላል። ማጥፋትና ማሸግን ለብቻው 12 ደቂቃ ስጡት። በሁለተኛው ቀን ኤልኢዲ።

ከጥንዱ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይገጥማል፣ በመሃል ይቀያየሩ። ሁለቱም እጃቸውን ካስገቡ የሚያይ ሰው አይኖርም።

---

ሮቦት_ክበብ

ለኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ተነስቶ ምንም የማይታይ ከሆነ ክፍል ውስጥ በፍጥነት እንዴት ይለያል?

---

ቴስተር_በኪሴ

በዚህ ቅደም ተከተል፦

ቀይ መብራት ከሌለ ኃይል አልደረሰም፤ ሶኬት፣ ዲቫይደር፣ ፓወር ሰፕላይ። ከሚሠራ ጥንድ ፓወር ሰፕላይ ተውሳችሁ ሞክሩ።

ቀይ በርቶ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ገመዱ የተሳሳተው አፍ ላይ ነው ወይም ስክሪኑ ሌላ መግቢያ እያየ ነው። ፓይ 4 ካርድ ባይኖረው እንኳ የራሱን የማስነሻ መረጃ ስክሪን ላይ ማሳየት አለበት። ስለዚህ ካርድ አውጥታችሁ ስታበሩት ጽሑፍ ከመጣ ቦርዱም ስክሪኑም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ካርዱ ላይ ነው።

አረንጓዴው በተወሰነ ቁጥር ደጋግሞ ቢበለጭልጭ ቁጠሩት፦ አራት ከሆነ የማስነሻ ፋይሉ አልተገኘም፣ ሰባት ከሆነ ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) አልተገኘም። ሁለቱም ካርዱን እንደገና መጻፍ ነው መፍትሔያቸው።

ሌላው ቀላል ችግር ሰዓት ነው። ፓይ 4 ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም፣ ከኢንተርኔት ነው የሚወስደው። ኔትወርክ ሳይኖር ከተነሳ በፊት በጠፋበት ቀን ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ድረ ገጾች «ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ» እያሉ አይከፈቱም። ቀኑን ማስተካከል ብቻ ነው።

በመልቲሜትር መለካት ከፈለጋችሁ ጫፉን በቀጥታ ፒኑ ላይ አታሳርፉ። ከፒን 1 ሲንሸራተት ፒን 2ን ያገኝና የምትፈትሹትን ቦርድ ራሳችሁ ትገድሉታላችሁ። ቦርዱ ጠፍቶ ሳለ ወንድና ሴት ጫፍ ያላቸው ጃምፐሮች ቦታ 17 እና ግራውንድ ላይ ሰክታችሁ፣ ወንዱን ጫፍ አራርቃችሁ፣ ከዚያ አብርታችሁ ለኩ። 3.3 አካባቢ ካለ ኃይል ክፍሉ ይሠራል። ዜሮ ከሆነ ያ ቦርድ ለማስተማሪያ ሞዴልነት ይቀመጥ።

---

የሰባተኛ_ክፍል_አይሲቲ

እጅግ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ፦ ሦስቱ ኪት ውስጥ ካሜራ አለ። ቦርዱ በርቶ ሊሰካ ይችላል ወይስ ይህም ይጠፋ?

---

አርባኛው_ፒን

ይጠፋ፣ ኃይሉም ይነቀል። ጠፍጣፋው ገመድ አግድም ከገባ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ መስመሮችን ያገናኛል። የአፉን ጥቁር መቆለፊያ በሁለት ጥፍር ከሁለቱም ጫፍ እኩል ወደ ላይ ሳቡት፤ በአንድ ወገን ከተሳበ ይሰበራል። ፓይ 4 ላይ የገመዱ የብረት መስመሮች ወደ ኤችዲኤምአይ አፎቹ፣ ሰማያዊው ጀርባ ወደ ዩኤስቢ አፎቹ ይዞራል። ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ሲገባ መቆለፊያውን ጫኑት። ፓይ 5 አፉ ጠበብ ያለ ባለ 22 መስመር ስለሆነ የፓይ 4ቱ ገመድ አይገባበትም፤ መቀየሪያ ገመድ ያስፈልጋል።

ካሜራው ያለባቸው ሦስቱ ሳጥኖች ላይ ምልክት አድርጉ፣ ገመዱም ተሰክቶ ይቆይ። በየሳምንቱ የሚነቀልና የሚሰካ መቆለፊያ ዓመት አይደርስም።